እናቴ እድር ሳትከፍል ሦስት ወር፤ አጋዥ ያስፈልጋታል ማለት ነው?

የእንጦጦ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፣ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ከዚያ ወዲህ ሽሮ ሜዳ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እኔ አያት ነኝ (ሰፈሩን ማለቴ ነው፣ የልጅ ልጅ ገና የለኝም)። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። አንድ ወንድም አለኝ፣ ውጭ ነው።

ባለፈው ሳምንት የእድሩ ጸሐፊ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እናትሽን ማስቀየም አልፈለግሁም፣ ግን ሦስት ወር አልከፈሉም» አሉኝ። እናቴ! ወር በገባ ቀድማ ከፍላ ሌላውን «ምን ትጠብቃላችሁ» እያለች የምትቆጣ ሴት ናት እኮ። ስጠይቃት «ከፍያለሁ፣ ሰውዬው መዝገቡን ደባልቆት ነው» አለች። መዝገቡን አየሁት። አልከፈለችም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ይታየኝ ጀመር። ቁም ሳጥን ውስጥ ሦስት ኪሎ ጥሬ ቡና አገኘሁ፣ ሦስቱም በየፌስታሉ፣ ሦስቱም ያልተነካ። እኔ የዛሬ 15 ቀን ያመጣሁት ምስር ወጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳለ ሻግቷል። ድስቷ ቂጡ አሯል፣ አንዱን ደግሞ አልጋ ሥር ደብቃው አገኘሁት። መደበቋ ነው ከማሳረሯ በላይ ያስለቀሰኝ። ክስት ብላለች፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። በየሳምንቱ እያየኋት አላየሁትም።

ወንድሜ በቪዲዮ ሲደውል ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች፣ የልጅነቱን ወሬ ታወራዋለች። እሱም «ታጋንኛለሽ፣ ከእኔ በላይ ታስታውሳለች» ይለኛል። እሷ ደግሞ ሠራተኛ ላስገባልሽ ስላት «አልጋ ላይ የዋልኩ መሰለሽ?» ብላ ሁለት ቀን ስልኬን አላነሳችም።

እርጅና ነው ብዬ ልለፈው? ወይስ አሁን ነው ሰዓቱ? በምን ይታወቃል?

ዝም_ብዬ_አንባቢ

እርጅና ነው እህቴ። አያቴም እንደዛ ነበረች፣ 90 ገብታ ነው የሞተችው። አትጨነቂ።

ሲስተር_ማ

አንባቢ፣ ይቅርታ አድርግልኝና «እርጅና ነው» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አስቀርቶብናል።

የእንጦጦ ልጅ፣ መጀመሪያ ጸሐፊውን አመስግኛቸው። ብዙ ቤተሰብ የሚነቃው እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሲመጡ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ አብዛኛውን ዘመኔን ውስጥ ደዌ ክፍል ነው የሠራሁት። ቤተሰብ ሁልጊዜ «ምልክቱ ምንድን ነው» ብሎ ይጠይቀኛል። ምልክቱ ሰውየውን ከራሱ ጋር ስታስተያዪው ነው የሚገኘው። ዕድሜ ልኩን ቤቱ የተዝረከረከ ሰው ዛሬም ቢዝረከረክበት ምንም አይደለም። እናትሽ ግን እድር ቀድመው የሚከፍሉ ሰው ናቸው። እሳቸው ሦስት ወር ሲያልፋቸው፣ ሌላ ሰው ዓመት ቢያልፈው ነው።

የጎረቤት ልጅ ስም ቢጠፋባቸው የዕድሜ ነው። ቡና አፍልተው፣ ቀድተው፣ አጠጥተው፣ ስኒው ሳይታጠብ «ኧረ ቡና እናፍላ» ካሉ ግን ሌላ ነገር ነው። የድሮውን ማስታወሳቸው ደግሞ አያታልልሽ። ወንድምሽ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመርሳት ችግር ሲጀምር የሚጠፋው የትናንቱ ነው፣ የ40 ዓመቱ ቁልጭ ብሎ ይቀመጣል። «ዛሬ ቁርስ ምን በላሽ?» ይበላቸው እስቲ።

ሌላው፣ በስንት ጊዜ ውስጥ መጣ? በወራት ቀስ እያለ ከሆነ ረጋ ብለሽ ታስመረምሪያቸዋለሽ። በቀናት ውስጥ ድንገት ግራ ከተጋቡ፣ ሰው ካልለዩ፣ ሌሊት ከቃዡ ግን የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ነው። ሽማግሌ ሰው ላይ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች ትኩሳት እንኳ ሳያሳይ አእምሮ ያስታል። ወድቀው ጭንቅላታቸውን መትተው ከሆነም ተናገሪ፣ ቀስ ብሎ የሚደማ ደም ከሳምንታት በኋላ ነው የሚታወቀው።

የሚስተካከሉም አሉ። የታይሮይድ ችግር፣ የቢ12 ቫይታሚን ማነስ፣ ድብርት፣ የጆሮ መድከም፣ የዓይን ሞራ። የማይሰማ ሰው ያልሰማውን «ረሳው» ይባላል። እና አንድ ጥያቄ፦ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?

ሜሪላንድ77

እኔ እዚህ አሜሪካ ሆም ኬር ነው የምሠራው፣ የፈረንጅ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ሄደን መርዳት። እዚህ ያለ ሐበሻ ግማሹ ይህን ሥራ ሳይቀምስ አላለፈም መሰለኝ። ሥልጠና ላይ ሁለት ነገር ለይተን እንማራለን። አንዱ የሰውነት ሥራ ነው፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መድረስ፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር፣ መጉረስ። ካትዝ የሚባል ሐኪም በ1963 ያወጣው ነው (በፈረንጅ)። ሌላው የኑሮ ሥራ ነው፦ ስልክ፣ ገበያ፣ ማብሰል፣ ቤት ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ መኪና ይዞ መሄድ፣ መድኃኒት፣ ገንዘብ። ይሄኛውን ሎውተንና ብሮዲ በ1969 ነው ያወጡት።

ቁም ነገሩ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚላላው የኑሮው ሥራ ነው። ገንዘብና መድኃኒት ደግሞ ከሁሉ በፊት። ሰውነታቸውን እየታጠቡ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ ሁለት ዓመት ሊሄዱ ይችላሉ። ቤተሰብ ንጹሕ ሆነው ሲያያቸው «ደህና ናቸው» ይላል። የእናትሽ እድር፣ ሦስቱ ኪሎ ቡና፣ ያረረው ድስት ሁሉም ከዚያ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስለዚህ አላጋነንሽም።

ለወንድምሽ፦ ቪዲዮ ፊት ነው የሚያሳይህ ወንድሜ። እኛ ሰው ቤት ስንገባ ፊት አናይም። ማቀዝቀዣ እናያለን። ያልተከፈተ ደብዳቤ እናያለን። የመድኃኒት ዕቃው ላይ የተጻፈውን ቀን አይተን የቀረውን ፍሬ እንቆጥራለን። የእናትህን ጓዳ አሳዩኝ በል።

የእንጦጦ_ልጅ

ሲስተር፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። የስኳሩ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይላል ላዩ ላይ። አወሳሰዷን ስጠይቃት «ነጯን ጠዋት፣ ሌላዋንም ነጯን ማታ» አለችኝ። ሁለቱም ነጭ ናቸው።

አሁን ሁዳዴ ነው ደግሞ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። መድኃኒቱን ግን ጠዋት ነው የምትውጠው፣ «መድኃኒት አያስፈታም» ብላ።

ሲስተር_ማ

ኧረ እህቴ! ይሄንን መጀመሪያ ብትነግሪኝ።

ግሊቤንክላማይድ ስኳርን የሚያወርደው በላሽም አልበላሽም ብሎ ነው። ዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ በተለይ ኩላሊት ከደከመ። ለዚህ ነው ለሽማግሌዎች ባይታዘዝ የሚመረጠው። ጠዋት ውጠው እስከ ዘጠኝ ምንም ካልቀመሱ ስኳራቸው እየወረደ ነው የሚውለው። ወጣት ሰው ሲወርድበት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌ ሰው ግን ዝም ብሎ ግራ ሊጋባ፣ ሊፈዝ፣ ሊወድቅ ይችላል። ጎረቤት ያይና «ጃጁ» ይላል።

ነገ ሂጂ። ስምንት ሰዓት አካባቢ ሳይበሉ ለኪያቸው፣ መለኪያ ከሌለሽ ቅርብ ያለ ክሊኒክ ይለካል። ከ70 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ስኳር የበዛበት ውሃ ወይም ሻይ ስጪ፣ ከዚያ ምግብ። ራሳቸውን ከሳቱ ምንም አፋቸው ውስጥ አትጨምሪ፣ ወደ ሐኪም ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መድኃኒቱን ግን በራስሽ አታቁሚ፣ ለሐኪማቸው ንገሪ።

የጾሙን ነገር አንቺ ብትነግሪያቸው አይሰሙሽም። የንስሐ አባታቸውን አነጋግሪ። የታመመ ሰው ቀምሶ መድኃኒት እንዲወስድ ካህን ሲያዝ የሚገባውን ያህል የእኔ ነጭ ጋውን አይገባም፣ ስንቴ አይቼዋለሁ።

ሐሙስ_ገበያ

ሁላችሁም የምታወሩት ይገርማል። እናት ናት! ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አዝላ ያሳደገች እናት በሠራተኛ ልትጦር? ወደ ቤትሽ ውሰጃታ። በኛ ባህል እንዲህ አልነበረም። ቀጥሎ መቄዶንያ ላስገባት እንዳትይ ብቻ።

የእንጦጦ_ልጅ

ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። እናቴን አንዴ አወጣታለሁ፣ ከዚያ እስር ቤት ነው። ጠዋት ወጥቼ ማታ አንድ ሰዓት ነው የምገባው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ሽሮ ሜዳ እኮ በሯን ከፍታ ስትቀመጥ አላፊ አግዳሚው «እማማ እንዴት አደሩ» ይላታል። እኔ ጋ ማን ይላታል? የጎረቤቴን ስም አላውቅም።

ገነት_ጉርድሾላ

ሐሙስ ገበያ፣ መቄዶንያ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን፣ መንገድ ላይ የወደቁትን የሚያነሳ ነው። እኚህ እናት ልጅ አላቸው። ልጅየዋን መንገድ አጥታ ስለ ጠየቀች ማሸማቀቅ ምን ይሉታል?

«በኛ ባህል» የምትለው እውነት ነው፣ ግን ያኔ ቤት ውስጥ ማን ነበር? ያልተማረች እህት፣ ከገጠር የመጣች የአክስት ልጅ፣ ምራት። ሴት ነበረች የምትጦረው። አሁን ያቺ ሴት ቢሮ ናት። እኔ አማቴን አራት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ባሌ «እናቴን እያስታመምን ነው» ይል ነበር። «ን» የምትለዋ እኔ ነበርኩ።

ሜሪላንድ77

😂 «ን» የምትለዋ... እህቴ ገደልሽኝ።

ስለ መውሰድ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ እናቴን አምጥቻታለሁ፣ እዚህ ድረስ። ግሪን ካርድ ሲደርሳት ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። እኔ ሁለት ሥራ፣ ሚስቴ የሌሊት ፈረቃ። እናቴ ቋንቋ የላት፣ ጎረቤት የላት፣ ቅዳሴ እሁድ ብቻ፣ እሱም እኔ ከነዳኋት። ሕክምናውም ለአብዛኛው አዲስ መጪ የመንግሥቱ መድን እስከ አምስት ዓመት አይከፈትም፣ ከተከፈተም በኋላ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድን ቤት ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው ለረጅም ጊዜ አይከፍልም፣ እሱ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የሜዲኬይድ ጉዳይ ነው። በመጣች በሁለት ዓመቷ «ልጄ፣ መልሰኝ፣ ሰው ሲሞት እንኳ ልቅሶ ልድረስ» አለችኝ። የሰው ሽማግሌ እየጠበቅሁ እየተከፈለኝ፣ እናቴ ግን ቴሌቪዥን ፊት ብቻዋን ትውል ነበር። መለስኳት። ልክ ይሁን ስህተት ዛሬም አላውቅም።

ከድር_ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም። የአባቴን ልንገራችሁ።

አባባ ሱብሒ መስጊድ ሳይሄዱ ቀርተው አያውቁም። ባለፈው ክረምት ቀሩ። መጀመሪያ ብርዱ ነው አልን። ከዚያ ዙሁርም ቀሩ። ጁምዓም ቀሩ። ሰው ጥየቃ ሲመጣ «ተኝቷል በሉ» ማለት ጀመሩ። እኛ አኩርፈው ነው ብለን ሽማግሌ ልንልክ ሁሉ አስበን ነበር፣ ከወንድማቸው ጋር በመሬት ጉዳይ የቆየ ነገር ስላላቸው።

አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ልብሳቸውን ስታጥብ ነው የገባት። ሽንታቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። ውዱእ አድርገው መስጊድ እስኪደርሱ ይበላሽባቸዋል፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ውዱእ፣ እንደገና ይበላሻል። ለማን ይናገሩ? ለወንድ ልጃቸው እንኳ አልነገሩኝም። ውሃ መጠጣትም ትተው ነበር፣ እንዳይሸናቸው።

ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፣ ፕሮስቴት ነው፣ መድኃኒት ተሰጣቸው። ኢማሙን ደግሞ አነጋገርኩ፣ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው ለየሶላቱ ውዱእ አድርጎ ቢሰግድ ሶላቱ ልክ ነው አሉ፣ እሳቸው ራሳቸው ቤት መጥተው ነገሯቸው። አባባ አለቀሱ። ስድስት ወር ሙሉ አፍረው ነው የተቀመጡት፣ እኛ ደግሞ ኩርፊያ ነው ስንል።

ስለዚህ እናትሽ መሄድ ያቆሙበት ቦታ ካለ ጠይቂ። ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ። ጉልበት ነው? ሽንት ነው? ወይስ ጆሮ? ሰው ዝም ብሎ አይቀርም።

የእንጦጦ_ልጅ

ከድር፣ አላህ ይስጥልኝ። ማኅበሯን ትታለች። «ወሬ ብቻ ሆነ» ነው ያለችኝ።

ናታንያ_ነኝ

ከእስራኤል ነኝ። እዚህ በሕግ አለ፣ ሲዑድ ይሉታል። ቢቱአሕ ለኡሚ (የመንግሥቱ የማኅበራዊ መድን መሥሪያ ቤት) ነው የሚሰጠው፣ በፈረንጅ ከ1988 ጀምሮ። መርማሪ ቤት ይመጣል፣ ሰውየው ምን ያህል እርዳታ እንደሚፈልግ ያይና በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ብሎ አጋዥ ይመድባል።

አያቴ ጎንደር ነው ያደገችው። መርማሪዋ መጣች። አያቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ዳቦ ተደፍቶ (ዳቦውን እኔ ነኝ የደፋሁት) ተቀበለቻት። «ብቻሽን ትታጠቢያለሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ብቻሽን ታበስያለሽ?» «ታዲያ ማን ያበስልልኛል?» «ወድቀሽ ታውቂያለሽ?» «ጠላቴ ይውደቅ።» ሴትየዋ ሁሉንም ጽፋ ሄደች። ተከለከልን። አያቴ በዚያ ወር ሁለቴ ወድቃለች።

እንግዳ ፊት «አልችልም» ማለት ነውር ነው ለእነሱ። ሁለተኛ ስንጠይቅ እኔ አብሬ ተቀመጥኩ። «አያቴ፣ ይቺ ሴት ሐኪም ናት፣ ለሐኪም አይዋሽም» አልኳት። ከዚያ «እስቲ ከወንበሩ ተነስተሽ በሩ ድረስ ሄደሽ ተመለሺ» በሏት አልኩ። አየችው። ለሐኪም ስትወስጃትም እንዲሁ ነው፣ የምታወራዋን ብቻ አትተዪላት፣ የምታደርገውን አሳዪ።

ሲስተር_ማ

ናታንያ ያለችው ቤት ውስጥም ይሠራል። ወንበር ላይ አስቀምጫቸው፣ ሦስት ሜትር ለኪ፣ ተነስተው ሄደው ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ፣ በስልክሽ ቁጠሪ። 12 ሴኮንድ ወይም በላይ ከወሰደባቸው የመውደቅ ስጋት አለ። ሲነሱ ደግሞ ከተንገዳገዱ ተኝተውና ቆመው ግፊታቸው ይለካ፣ የግፊት መድኃኒት ሲነሱ ሊያዞር ይችላል። «ጨዋታ ነው» በያቸው፣ ፈተና ከመሰላቸው እምቢ ይላሉ።

ወንድም_ከሩቅ

የእሷ ወንድም አይደለሁም ግን ሊሆን ይችል ነበር። እኔም «ታጋንኛለሽ» ብያለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ካመንኩሽ ትኬት መቁረጥ አለብኝ። ካላመንኩሽ ብር ልኬ እተኛለሁ። እንደዚህ ነው፣ በቃ።

ከእኔ የተማራችሁት ይሁን፦ እናቴ ቴሌብር ላይ ነበር የምልክላት። የሚስጥር ቁጥሯን ስልኩ ሽፋን ላይ ጽፋ ለጥፋዋለች። «ሽልማት ደርሶዎታል» ያለ ሰው ደውሎ ሦስት ወር የላክሁትን ጠረገው። እሷ አልነገረችኝም፣ አፍራ። ድንች እየቀቀለች ነበር የምትበላው።

ውክልና አሁን አሠሪ፣ አእምሮዋ ሙሉ ሳለ። ውልና ማስረጃ ሄዳ ራሷ ፈቅዳ ነው መፈረም ያለባት። የምትፈርመውን የማትረዳበት ደረጃ ከደረሰች ማንም አይቀበልሽም፣ ፍርድ ቤት ነው የምትሄዱት። ስትነግሪያት «ልትወርሱኝ ነው» እንዳትል ወንድምሽ በተገኘበት ይሁን። የጡረታውም ጉዳይ በዚያው ይለቅ።

ገነት_ጉርድሾላ

ሰው ማስገባቱን ስትወስኚ ካማቴ የተማርኩትን ልበል፣ ሦስት ሠራተኛ ቀያይሬያለሁ።

ደላላ የሚያመጣልሽ የ16 ዓመት ልጅ አሮጊት ማንሳት አትችልም፣ ሁለቱም ይወድቃሉ። እና «እናቴን ጠብቂ» ብለሽ ብቻ አትቅጠሪ። ምን እንደምትሠራ ንገሪያት፦ መድኃኒት በሰዓቱ፣ ምሳ አብራ ተቀምጣ መብላት (ብቻውን የሚበላ ሰው አይበላም)፣ ማታ ሽንት ቤት ማድረስ። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው? ሽሮ ሜዳ ስላልሽ ነው። ሌሊት ለሽንት ሲወጡ ነው አማቴ የወደቀችው፣ ዝናብ ነበር፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ። ከዚያ በኋላ አልጋዋ አጠገብ ፖፖ አደረግን፣ የምትቀመጥበት ወንበርም አናጢ መሐሉን ቀዶ ሠራልን። መጀመሪያ ሰደበችን። በሳምንቱ ለጎረቤት ታሳይ ነበር።

ከሰል ደግሞ! ሰው በር ዘግቶ ቡና ሲያፈላ የከሰሉ ጭስ የማይታይ መርዝ አለው። የሚረሳ ሰውና ከሰል አንድ ክፍል ውስጥ አይደርም። እጣኑም፣ ሻማውም።

ሠራተኛ ስትገባ ደግሞ የእናትሽን ጓዳ እንዳትነጥቃት። አማቴ የመጀመሪያዋን ያባረረቻት ድስቷን ቦታ ስለቀየረችባት ነው።

ዝም_ብዬ_አንባቢ

መጀመሪያ የጻፍኩትን መለስ ብዬ አነበብኩት። አያቴ መጨረሻ አካባቢ ማታ ማታ ወጥታ ትጠፋ ነበር፣ ሰፈር ሰው ነበር የሚመልሳት። 90 መግባቷን ነው እንጂ እሱን አልጻፍኩም።

የእንጦጦ_ልጅ

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ብዙ ነገር ሆነ።

በማግስቱ ሄጄ ስምንት ተኩል ላይ አስለካኋት። 54። ሲስተር፣ እጄ ነው የተንቀጠቀጠው፣ እሷ «ትንሽ ፈዘዝ ብሎኛል» ነው ያለችው። ሻይ ሰጠናት፣ በላች። ሐኪሙ ግሊቤንክላማይዱን አወጣው። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል ብሎ አስመረመራት፣ አንሷታል፣ መርፌ ጀመረች። ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ አለ፣ አንዱ ተቀጥሮለታል። መድኃኒቷን በቀለም የምትለየው ለምን እንደሆነ ገባኝ፣ ጽሑፉን አታይም ነበር።

የንስሐ አባቷ መጥተው «ቀምሰሽ ዋጪ፣ ይህ የእኔ ትእዛዝ ነው» አሏት። ለእኔ አምስት ዓመት እምቢ ያለችውን ለእሳቸው በአምስት ደቂቃ እሺ አለች።

ሁሉም ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ የማስታወስ ፈተና ሰጣት፣ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል አለ። አእምሮዋ ጠርቷል፣ ነቅታለች፣ ግን ማክሰኞ ያወራነውን ረቡዕ ጠየቀችኝ። ወንበሩን 17 ሴኮንድ ነው የፈጀባት። ስለዚህ ሰው ገብቷል።

እንዴት እንደገባ ልንገራችሁ። የጎረቤታችን የእህት ልጅ ከደብረ ብርሃን መጥታለች፣ 22 ዓመቷ ነው፣ ማታ ትማራለች፣ ማደሪያ ትፈልግ ነበር። ለእናቴ «ይቺ ልጅ ማደሪያ አጥታ ነው፣ እባክሽ አስጠጊያት» አልናት። የሚከፈላት ደመወዝ ከወንድሜ ነው፣ ያንን እናቴ አታውቅም። አሁን እናቴ ለሰፈሩ «አንዲት የሰው ልጅ እያስተማርኩ ነው» ትላለች። ማታ ልጅቷ እስክትገባ ትጠብቃታለች፣ ደብተሯን ታያለች፣ «ምሳ ሳትበዪ ትምህርት አይገባሽም» ብላ አብራት ትበላለች። ትንሽ ሥጋ ለብሳለች።

ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። ሐሙስ ገበያ ሊሰድበኝ ይችላል።

ሐሙስ_ገበያ

አልሰድብሽም። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

ወንድም_ከሩቅ

ወንድምሽስ?

የእንጦጦ_ልጅ

ይህን ክር ላክሁለት። ሁለት ቀን ዝም አለኝ። ከዚያ ሲደውል «እማዬ፣ ማቀዝቀዣውን አሳዪኝ» አላት። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጓዳ የምትገባው?» አለችው። ግን አሳየችው። ለፋሲካ አልደረሰም፣ ለክረምት እመጣለሁ ብሏል።

እድሩን ደግሞ ከጸሐፊው ጋር ተነጋግረናል። ብሩን እኔ ለልጅቷ እሰጣታለሁ፣ እሷ ጠዋት ቦርሳዋ ውስጥ ታስቀምጥላታለች፣ እናቴ ራሷ ናት ሄዳ የምትከፍለው። ባለፈው እሁድ ቀድማ ደርሳ «ዛሬም መዝገቡን እንዳትደባልቀው» አለችው ሰውየውን። እሱም «እሺ እትዬ» አለ።

ገነት_ጉርድሾላ

ከሰሉስ?

የእንጦጦ_ልጅ

ከሰሉ በረንዳ ወጥቷል። ጀበናው ግን አልወጣም፣ «በኤሌክትሪክ የፈላ ቡና አይደለም» ብላለች። ልጅቷ ቤት ባለችበት ሰዓት ብቻ፣ በር ተከፍቶ፣ በሚለው ላይ እየተደራደርን ነው።